ሥርዓተ ክወና እንደገና ከተጫነ በኋላ አልነሣ የሚል ኮምፒውተር፦ ምክንያቱና መፍትሔው

በትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ድርሻ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መምጣቱ የታወቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በበይነ መረብ ከተሰጠ ወዲህ፣ አንድ ኮምፒውተር አለመነሣቱ የማስተማሪያ መሣሪያ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የፈተና ቦታ ጉድለትም ሆኗል። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ሥርዓተ ክወናን እንደገና የመጫን ጉዳይ በሀዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞች የትምህርት ቤቶች ተግባር ሆኗል።

ከጭነቱ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሣ ቢል፣ ተበላሽቷል ብሎ ወደ መጋዘን ማስገባት ወይም ጭነቱን ወዲያው መድገም አይገባም። ድግግሞሹ የቀሩትን የተማሪዎች ሥራዎች ሊያጠፋ ይችላል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሳይነካ ይቀራል።

የማብሪያው ቁልፍ ሲነካ አስቀድሞ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ይኸውም በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ባዮስ፣ በኋለኞቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ተግባሩ የማስነሻ ፋይሉን በተሰጠው ቅደም ተከተል ፈልጎ ሥራውን ለሥርዓተ ክወናው ማስረከብ ነው። ስለዚህ ችግሩ በአብዛኛው የሚመነጨው በዚህ ፕሮግራምና በዲስኩ መካከል ስምምነት ሲጠፋ ነው። ምርመራውም እንደሚከተለው በተራ ሊካሄድ ይገባል።

ሀ/ የመነሻ ቅደም ተከተል፦ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ወደ ጭነቱ መጀመሪያ የሚመለስ ከሆነ ፍላሹ አልተነቀለም ማለት ነው። ፍላሹን ነቅሎ ዲስኩን በመጀመሪያ ተራ ማስቀመጥ ይበቃል።

ለ/ የመነሻ ስልት፦ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ሲነሣ ጂፒቲ፣ በባዮስ ሲነሣ ኤምቢአር የተባለውን የዲስክ አከፋፈል ይፈልጋል። ሁለቱ ካልተጣጣሙ «የሚነሣ ዲስክ የለም» የሚል መልእክት ይታያል። ስልቱን ጭነቱ በተካሄደበት ዓይነት መመለስ መረጃ ሳይጠፋ ችግሩን ያስወግዳል።

ሐ/ ሁለት ዲስኮች፦ በጭነቱ ጊዜ ሁለት ዲስኮች ተሰክተው ከነበረ፣ የማስነሻ ፋይሉ በሁለተኛው ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያ ዲስክ ሲነቀል ኮምፒውተሩ አይነሣም። በጭነት ጊዜ አንዱን ብቻ መሰካት ይመረጣል።

መ/ የማዘርቦርዱ ባትሪ፦ ባለ 3 ቮልቱ ክብ ባትሪ ካለቀ፣ የክፍሉ ዋና ማብሪያ ሲጠፋ የተስተካከለው ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ቀኑም ይዛባል። በሰኔ በሚገባ የተጫነ ኮምፒውተር ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ በመስከረም የማይነሣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ለውጥ ከሌለ፣ በመጫኛው ፍላሽ ውስጥ የሚገኘውን የማስነሻ ጥገና መሞከር፣ ቀጥሎም የዲስኩን ጤንነት መመርመር ተገቢ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የመነሻ ስልቱን፣ የዲስኩን አከፋፈልና ባትሪው የተለወጠበትን ቀን የሚይዝ አንድ ገጽ መዝገብ ቢኖር፣ መምህሩ ከግምት ይድናል። እንደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉ ተቋማት በሚገኙባት ከተማ፣ ይህን ምርመራ ለመምህራን በአጭር ሥልጠና ማዳረስ የሚቻል ነው። አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት በመጋዘን የተከማቸውን በዚህ ተራ መፈተሽ ይቀድማል።