በሚንዳናዎ ቤቶች ስለሚመታው የነሐስ ሙዚቃ

በፊሊፒን ደሴቶች ያለው የሙዚቃ ጓድ ልዩ ልዩ ነው። በሰሜን በሉዞን ተራሮች የሚኖሩት ሰዎች ጠፍጣፋ ነሐስ በእጅ ወይም በበትር እየመቱ ይጨፍራሉ። በከተሞችም እስከ 1898 ዓመት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ አገሪቱን የገዛው የእስፓኝ መንግሥት የተወላቸው ሮንዳልያ የሚባል ባለ አውታር ጓድ አለ። እኛ ግን ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ልንነግር የወደድነው በደቡብ፣ በሚንዳናዎ ደሴት፣ የማጊንዳናዎ ሕዝብ ስለሚመታው ስለ ኩሊንታንግ ነው፤ ይህ ሙዚቃ ከናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤት ሀብት ነውና።

ኩሊንታንግ ማለት ጎንግ የሚባሉ፣ በመካከላቸው እንደ እምብርት ያበጡ፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ በተራ የተደረደሩ ስምንት የነሐስ ዕቃዎች ናቸው። በእንጨት መደብ ላይ በተወጠረ ገመድ ይቀመጡና አንድ ሰው በሁለት በትር ይመታቸዋል፤ በቀድሞው ልማድ መቺዎቹ ሴቶች ናቸው። ተሰቅሎ የሚመታው ታላቁ አጉንግ የወንዶች ድርሻ ነው። ትንሹ ባባንዲል ምቱን ይጠብቃል፤ ዳባካን የሚባል ከበሮም ይከተለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ጋንዲንጋን የሚባሉት አራቱ ስቅል ጎንጎች ናቸው። ዐዋቂ መቺ ድምፃቸውን ከቃል አነጋገር ዜማ ጋራ እያስማማ ይናገርባቸዋል። በቀድሞ ዘመን ወጣትና ልጃገረድ በሰው ፊት መነጋገር ነውር ስለ ነበረ መልእክታቸውን በዚህ ይለዋወጡ ነበር። አባትየውም ምቱን የሚያውቅ እንደ ሆነ ምስጢሩ ብዙ የሚቆይ አይመስለንም።

የአንዱ ቤት ኩሊንታንግ ከሌላው ቤት ጋራ በድምፅ አይተካከልም፤ ሁሉ የሚስማማበት ቁርጥ ያለ ልክ የለውምና። ዜማውም በጽሕፈት አይማርም፤ ልጅ ከአሮጊቶቹ አጠገብ ተቀምጦ በጆሮው እየሰማ እጃቸውን እያየ ይለምደዋል። ስለዚህ መቺዋ ሳታስተምር ብትሞት፣ ነሐሱ በቤት ቢቀርም ዜማው አብሯት ይቀበራል።

የሽማግሌዎቹ አመታት ዝግ ያለና ክብር ያለው ነው፤ ወጣቶቹ ግን ፈጣኑንና እጅ የሚታይበትን አመታት ይወዳሉ። ወጣቶቹን አንነቅፍም፤ ፈጣኑን ለመምታት ሲሉ ነሐሱን ከመደቡ አላወረዱትምና።

የፊሊፒን መንግሥት በ1992 ባወጣው ሕግ የባህል ጥበብ ዐዋቂዎችን በማዕርግ ያከብራል፤ የተከበረውም ሰው ጥበቡን ለሌላው የማስተማር ግዴታ አለበት። ማዕርጉ በ1993 መጀመሪያ ሲሰጥ ከተቀበሉት ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ኩትያፒ የሚባል ባለ ሁለት አውታር መሣሪያ የሚመታው የማጊንዳናዎው ሳማኦን ሱላይማን ነበረ።

ሌላው የማጊንዳናዎ ሰው ዳኖንጋን ካላንዱያን በ1976 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኩሊንታንግን አስተማረ፤ ኋላም በካሊፎርኒያ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2016፣ ሲያስተምር ኖረ። ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከሌላው የፊሊፒን ክፍል የመጡ ናቸው። እነዚህ ልጆች የስምንቱን ጎንጎች ዜማ በሚገባ ይመታሉ። ጋንዲንጋኑ ግን የሚናገረው በማጊንዳናዎ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ቋንቋውን ያልሰማ ጆሮ ምቱን እንጂ ቃሉን አያገኝም።