ትንንሽ የጋራ ልማዶች ለቤተሰብ ትስስር ያላቸው ፋይዳ

ቤተሰብ የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረታዊ መነሻ መሆኑና ከኅብረተሰብና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብት ያለው መሆኑ በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ተደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕግ የቤተሰብን መብት ያስከብራል እንጂ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎችን በየዕለቱ ሊያቀራርብ አይችልም። ይህን የሚያደርጉት የቤተሰቡ አባላት ራሳቸው ሲሆኑ፣ ለዚህም ከሚረዷቸው ነገሮች አንዱ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ በተወሰነ ጊዜ የሚደጋገም የጋራ ልማድ ነው።

የጋራ ልማድ ሲባል ምን ማለት ነው?

የጋራ ልማድ ሲባል ጊዜው የታወቀ፣ አፈጻጸሙ የተለመደና ትርጉሙ ለሚሳተፉት ሁሉ ግልጽ የሆነ ድርጊት ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ አብረው ሻይ ቢጠጡ ይህ ገና ልማድ አልሆነም። ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ዘወትር ተቀምጠው የሚጠጡት ሻይ ግን፣ አንድ ቀን ቢቀር ሁለቱም መቅረቱን ስለሚያስተውሉት የጋራ ልማድ ሆኗል ማለት ይቻላል።

በአገራችን እንዲህ ያለው ልማድ አዲስ አይደለም። በአንድ ማዕድ ዙሪያ አብሮ መመገብ፣ መጎራረስ፣ ከቤት ሲወጡ ወላጅን መሰናበት፣ በጾም ጊዜ ተጠባብቆ አብሮ ማፍጠር፣ በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጆች ለወላጆቻቸው አበባ ማበርከታቸው ሁሉ የዚሁ አካል ናቸው። ከእነዚህ መካከል የቡና ሥርዓት በግልጽ የሚያስተምረን ነገር አለ። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶና ተወቅጦ በጀበና እስኪፈላ፣ ከዚያም ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ሥርዓቱ የሚሰጠው ዋነኛ ጥቅምም ይኸው ጊዜ ነው። በአቦል ያልተነሣ ጉዳይ በቶና ይነሣል፤ በረካም ሲደርስ ምርቃት ይከተላል።

ለምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ፣ የጋራ ልማድ ትንሽ ቅሬታ ሥር ሳይሰድ የሚነገርበትን አጋጣሚ ይፈጥራል። የሚነጋገሩበት ቋሚ ጊዜ የሌላቸው ባለትዳሮች አንገብጋቢ ጉዳይ ሲገጥማቸው ብቻ ለውይይት ስለሚቀመጡ፣ ውይይት በራሱ የጠብ ምልክት መስሎ ሊታያቸው ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ልጆች ነገ የሚሆነውን አስቀድመው ሲያውቁ ይረጋጋሉ፤ ጭንቀታቸውንም ለመናገር ምቹ ሰዓት ያገኛሉ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ቤተሰብ ሐዘን፣ ሥራ ማጣት ወይም ሕመም ሲያጋጥመው የተለመደው ሰዓት ሳይቋረጥ መቀጠሉ ቤቱ እንዳልፈረሰ ያሳያል።

የሚመለከተው ሕግም ለመነጋገር ጊዜ እንደሚያስፈልግ ይገነዘባል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ተጋቢዎች ፍቺ ሲጠይቁ፣ ፍርድ ቤት በራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲስማሙ ሊያደርግ፣ እንዲሁም ጉዳዩን እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ሆኖም ለዓመታት ተቀምጠው መነጋገር ያልለመዱ ሁለት ሰዎች በሦስት ወር ውስጥ ከባዶ መጀመር ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ልማዱ መጀመር ያለበት በሰላሙ ጊዜ ነው። ይህ አዋጅ ተፈጻሚ የሚሆነው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ በክልሎች የሚኖሩ ዜጎች የክልላቸውን የቤተሰብ ሕግ መመልከት ይኖርባቸዋል።

ሸክሙ የአንድ ሰው እንዳይሆን

በብዙ ቤቶች ቡና የምታፈላው፣ ማዕድ የምታቀርበውና ዕቃ የምታጥበው እናት ወይም ሴት ልጅ ናት። ሌሎች የሚያርፉበት ሰዓት ለእርሷ ተጨማሪ ሥራ ከሆነ፣ ልማዱ ቤተሰቡን ከማቀራረብ ይልቅ ቅያሜ ሊፈጥር ይችላል። የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው፣ እርስ በርስ የመከባበርና የመደጋገፍ ግዴታም እንዳለባቸው ይደነግጋል። በመሆኑም አንዱ ሲቆላ ሌላው ቢወቅጥ፣ አንዱ ሲያቀርብ ሌላው ቢያነሣ፣ ወንዶች ልጆችም ተራ ቢገቡ የጋራ የሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጉሙን ያገኛል።

በርቀት ለሚኖሩ ቤተሰቦች

ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሄዱ ወገኖች ያሏቸው ቤተሰቦች ልማዳቸውን በስልክ ማስቀጠል ይችላሉ። ለዚህም የሁለቱን አገሮች ሰዓት ማገናዘብ ያስፈልጋል። የሳዑዲ ዓረቢያ ሰዓት ከአገራችን ጋር እኩል ሲሆን፣ የዱባይ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የዋሽንግተን ሰዓት እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ነፃ የምትሆንበት ጊዜ ውስን በመሆኑ፣ ሰዓቱን መምረጥ ያለባት እርሷ ናት። ደግሞም ስልክ የሚደወለው ገንዘብ ሲያስፈልግ ብቻ ከሆነ ግንኙነቱ ይሻክራል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ገንዘብ የማይነሣበትና ልጆች ስለ ትምህርታቸው የሚያወሩበት አጭር ጥሪ ማድረግ ተገቢ ነው።

እንዴት መጀመር ይቻላል?

• አንድ ልማድ ብቻ ይምረጡ። ዐሥር ደቂቃ የሚወስድ ቢሆንም በቂ ነው።
• ከዚህ በፊት ከሚያደርጉት ነገር ጋር ያያይዙት፤ ለምሳሌ ከእራት በኋላ ወይም እሑድ ጠዋት።
• በሰዓቱ የሁሉም ሰው ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ቴሌቪዥንም ይዘጋ።
• በፈረቃ የሚሠራ የቤተሰብ አባል ካለ፣ የሥራ መርሐ ግብሩ በወጣ ቁጥር ሰዓቱን አብራችሁ ወስኑ።
• ሰዓቱን የወቀሳ መድረክ አታድርጉት። ከባድ ጉዳይ ካለ ለብቻው ቀጠሮ ይያዝለት።
• ልማዱ ቢቋረጥ ጥፋተኛ ሳትፈልጉ በሚቀጥለው ቀን ቀጥሉ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ውጤቱ የሚታየው በመደጋገሙ ነው።

ልማድ የማይተካው ነገር

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በመከባበር ላይ ለተመሠረተ ግንኙነት የሚያገለግል ነው። ድብደባ፣ ዛቻ ወይም ሌላ ጥቃት ባለበት ቤት ቡናም ሆነ ምርቃት ጥበቃን አይተካም። ጥቃት የደረሰበት ሰው “ቤቴ ይፈርሳል” በሚል ስጋት ዝም ማለት የለበትም፤ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ይችላል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘውን ዓይነት የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከላት ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ጥቃት በሌለበት፣ ነገር ግን መግባባት በጠፋበት ጊዜ ባለትዳሮች የሚያከብሯቸውን ሽማግሌዎች ወይም የሃይማኖት አባቶች ማማከር፣ እንዲሁም በሚኖሩበት ወረዳ ወደሚገኘው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርበው መረጃ መጠየቅ ይችላሉ። ለምክር መሄድ የትዳር ውድቀት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሁለቱ ሰዎች ቤታቸውን ለማቆየት መፈለጋቸውን ያመለክታልና።