ደረቅ ሌን፣ ለስላሳ ኳስ

ቦውሊንግ ቤት የገባ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚስበው የሚያብለጨልጨው ወለል ነው። የሚያብለጨልጨው ግን ወለሉ ብቻ አይደለም፤ ከላዩ ዘይት ተቀብቷል። ለአንድ ሌን፣ ማለትም ለአንድ የኳስ መንገድ፣ የሚፈሰው ዘይት ግማሽ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ ይታጠፍ፣ ፒኖቹ ጋ ሲደርስ ጉልበት ይኑረው ወይስ ይዛል የሚለው ነገር ከክንድ ይልቅ በዚህችው ዘይት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የአዲስ አበባዋ ካዛንችስ ለዚህ ጨዋታ የምትታወቅ ሰፈር አይደለችም። ሰፈሯ ያለችበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ልጅ የሚያድገው ከፑልና ከጆተኒ ጋር ነው፤ ቦውሊንግ ሲያምረው ወደ ላፍቶ ሞል ይወርዳል። የቦውሊንግ ስም ከአስመራም ጋር ይነሳል። በ1950ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካውያን ወታደሮች ይጫወቱበት የነበረው የአስመራ ቦውሊንግ ቤት ዛሬም አለ። የወደቁትን ፒኖች እየሮጡ በእጃቸው የሚያቆሙት ልጆች ነበሩ።

ወደ ዘይቱ እንመለስ። ተጫዋቹ ሊረግጠው ከማይፈቀድለት መስመር እስከ ፊተኛው ፒን ድረስ 18.29 ሜትር ነው፤ ስፋቱ ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ዘይቱ የሚቀባው እስከ መጨረሻው አይደለም። ብዙውን ጊዜ 12 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃና የቀረው ደረቅ ሆኖ ይተዋል። ሌኖች ከእንጨት ብቻ ይሠሩ በነበረበት ዘመን ዘይት የሚቀባው እንጨቱን ከኳሱ ለመከላከል ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ሌኖች ከሰው ሠራሽ ቁስ የተሠሩ ናቸው፤ ዘይቱ ግን የጨዋታው አካል ሆኖ ቀርቷል።

በደንብ የተወረወረ ኳስ ሦስት ነገር በተራ ያደርጋል፤ መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ይንከባለላል። ዘይት ባለበት ቦታ የሰበቃው መጠን 0.04 ገደማ ነው፤ ደረቁ ላይ ወደ 0.20 ያድጋል፣ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ተጫዋቹ ሲለቀው በጣቶቹ የሰጠው ሽክርክሪት ዘይቱ ላይ ሳለ ሥራ ፈቶ ይቆያል፤ ደረቁን ሲያገኝ ወለሉን ይነክሳል፣ ኳሱም ይታጠፋል። የቀኝ እጅ ተጫዋች ኳስ ወደ ግራ ታጥፎ በአንደኛውና በሦስተኛው ፒን መካከል፣ ተጫዋቾች «ኪስ» በሚሉት ቦታ ቢገባ ስትራይክ የማግኘት፣ ማለትም ሁሉንም ፒኖች በአንድ ውርወራ የመጣል፣ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ችግሩ ዘይቱ አለመቆየቱ ነው። እያንዳንዱ ኳስ ባለፈ ቁጥር ጥቂት ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ሰው በሚወረውርበት አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ሌኑ ቶሎ ይደርቃል፤ ቅባቱ በየጊዜው በማይታደስበት ቤትማ ሲጀመርም ደረቅ ሊሆን ይችላል። በደረቅ ሌን ላይ ኳሱ ገና በመንገዱ አጋማሽ መታጠፍ ይጀምራል፤ ከኪሱ በስተግራ ያልፋል። ባያልፍ እንኳ ሽክርክሪቱን መንገድ ላይ ጨርሶ ስለሚደርስ ፒኑን ሲመታ ራሱ ወደ ጎን ይገፋል። የብዙ ሰው መልስ ጠንከር አድርጎ መወርወር ነው። ይህ ለሁለት ለሦስት ውርወራ ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱም ልኩን ይስታል። የራሱ ኳስ ያለው ሰው የተሻለ መላ አለው፤ የኳሱን ቆዳ መለወጥ።

ሻካራ ኳስ ዘይቱን ቀድዶ ወለሉን ስለሚይዝ ቀድሞ ይታጠፋል፤ ዘይት ለበዛበት ሌን ይመረጣል። ለስላሳ ኳስ ረዘም ላለ ርቀት ይንሸራተታል፣ ጉልበቱንም ለመጨረሻዎቹ ሜትሮች ያቆያል። ስለዚህ ሌኑ ሲደርቅ ኳሱን ማለስለስ ነው። የሚያዳልጥ ነገር ላይ ለመጠንቀቅ ለለመደ ሰው ይህ የተገላቢጦሽ ይመስላል።

ሥራው ራሱ በቂርቆስ ጋራዦች መኪና ቀለም ከሚቀባ ባለሙያ ሥራ የተለየ አይደለም። ቀቢው ስቱኮውን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይጀምራል፣ ቁጥሩን እያሳደገ ይሄዳል፣ የመጨረሻውን ቀለም በ2000 ቁጥር ከውሃ ጋር አሽቶ በፖሊሽ ያበራዋል። የኳሱም ቁጥሮች እነዚያው ናቸው፤ 500፣ 1000፣ 2000፣ 4000፤ ቁጥሩ ሲያድግ ጭረቱ ይደቃል። በቦውሊንግ ዓለም ስሙ የገነነው አብራሎን የተባለው የማሻሻ ጨርቅ የሚሠራው ሚርካ በተባለ የፊንላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ያው ጨርቅ ለመኪና ቀለምም ያገለግላል። ኳሱ በሚያሽከረክር ማሽን ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ ጨርቁ በእኩል ግፊት ከመሃል ወደ ዳር ይሄድበታል። ከዚያ ኳሱ ይገለበጣል፤ ሁሉም ጎን እስኪዳረስ ድረስ በየቁጥሩ ይደገማል። በማሽኑ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ፖሊሹ ላይ ነው። ፖሊሽ የጭረቱን ጫፍ ያለሰልሳል እንጂ ሥሩን አያጠፋም። በ500 ተሽቶ ወዲያው ፖሊሽ የተቀባ ኳስ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጥቂት ጨዋታ ተጫውተውበት ድምቀቱ ሲሳሳ ከሥር ያለው ሻካራ ብቅ ይልና ደረቁን ሌን መንከስ ይጀምራል። ቁጥሮቹን ሳይዘሉ እስከ 2000 ወይም 4000 ወጥቶ ከዚያ በኋላ ፖሊሽ ማድረግ ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። በጣም ያበራ ኳስ ለረጅም ርቀት ተንሸራትቶ፣ መጨረሻ ላይ ደረቁን ሲያገኝ ባንድ ጊዜ በኃይል ሊታጠፍ ይችላል። የሌኑ ደረቅ መጨረሻ እንዲህ የሚቆጣ ከሆነ እኔ የምመርጠው ያለ ፖሊሽ 4000 ላይ ማቆም ነው፤ ያ ኳስ አያስደንቅም፣ አያስደነግጥምም።

ቆዳው የተሠራበት ቁስ ደግሞ ከጭረቱ ይቀድማል። ኳስ መጀመሪያ ከጠንካራ እንጨት ይጠረብ ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጠንካራ ጎማ መጣ፣ ብራንዝዊክ ኩባንያ ሚኒራላይት የተባለውን የጎማ ኳስ በ1914 ለገበያ አቀረበ። በ1960 ገደማ ፖሊስተር፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩሬታን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዘይት የሚመጥጠው ሪአክቲቭ ሬዚን ተከተሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከቀደሟቸው ይልቅ ወለሉን አጥብቀው ይይዛሉ። ለመያዝ የነበረው ጥም ምን ያህል እንደነበር የሚያሳየው የዶን መኪዩን ታሪክ ነው። ይህ አሜሪካዊ ፕሮፌሽናል የፕላስቲክ ኳሱን ኬሚካል ውስጥ ዘፍዝፎ ቆዳውን አለዘበው፤ የለዘበው ቆዳ ወለሉን ያዘለት፣ በ1973 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሌሎችም መዘፍዘፍ ሲጀምሩ የስፖርቱ አስተዳዳሪዎች የኳስ ጥንካሬ ሊያንስበት የማይገባ ልክ አወጡ።

ስለ ቆዳው የወጣው ደንብ ዛሬም ጥብቅ ነው። በአሜሪካ የቦውሊንግ ኮንግረስ ሕግ በሚካሄድ ውድድር ኳስን ማሸት የሚቻለው ጨዋታው ሳይጀመር ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ማውጣት አይፈቀድም። ግማሹን ጎን ሻካራ ግማሹን ለስላሳ ማድረግም ክልክል ነው፣ ሁሉም እኩል መታሸት አለበት። ኳሱ ላይ ባዕድ ነገር ለብሶ መቅረት ስለሌለበት የጋራዡ ሰም እዚህ ቦታ የለውም፤ ከቀቢው የሚወሰደው ሙያው እንጂ ጣሳው አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ቦውሊንግ የሚጫወት አብዛኛው ሰው የራሱ ኳስ የለውም፤ የቤቱን አንስቶ ይወረውራል። የቤት ኳስ ደግሞ እንደ ደንቡ ጠንካራ ፖሊስተር ነው፤ ውድ ኳስ ያላቸው ፕሮፌሽናሎችም ሌኑ ሲደርቅባቸውና አንድ የቀረ ፒን በቀጥታ መምታት ሲፈልጉ ከቦርሳቸው የሚያወጡት ይህንኑ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከካዛንችስ ተነስቶ ላፍቶ የወረደ ሰው ለደረቅ ሌን የሚሆነው ኳስ መደርደሪያው ላይ ይጠብቀዋል። ከመካከላቸው ያልተቧጨረውን ይምረጥ፤ ከመወርወሩ በፊት ኳሱ ላይ ያለውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ። ኳሱ አሁንም ቀድሞ ወደ ግራ ካመለጠበት ሁለት ጣውላ ያህል ወደ ግራ ተጠግቶ ይቁምና ወደ ቀኝ ይወርውር፤ እዚያ ብዙ ኳስ ያላለፈበት ዘይት ሊኖር ይችላል።