ዝቅ ያለው ድምፅ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አንድ አሜሪካዊ የካንትሪ ዘፋኝ መነሣቱ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ይሁንና ጂም ሪቭስ የራሱን ድምፅ ያገኘበት መንገድ ለባለ ትዳሮች የሚናገረው ቁም ነገር አለው።

ጂም እ.ኤ.አ. በ1923 በቴክሳስ ገጠር ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። በወጣትነቱ ቤዝቦል ተጫዋች ለመሆን ቢደክምም ጉዳት ደርሶበት ጨዋታውን ተወና የሬዲዮ አስተዋዋቂ ሆነ። በ1947 ሜሪ ዋይትን አገባ።

የመጀመሪያ ዘፈኖቹን በ1949 ለአንድ አነስተኛ የሂዩስተን ኩባንያ ሲያስቀርጽ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በ1953 ግን «ሜክሲካን ጆ» የካንትሪ ዘፈኖችን ሰንጠረዥ በአንደኝነት መራ። «ቢምቦ» የተሰኘው ዘፈኑም ተከትሎ አንደኛ ወጣ። እነዚህ ፈጠን ያሉና ቀልድ የተቀላቀለባቸው ዘፈኖች ናቸው። ጂምም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘፍናቸዋል፤ የጊዜው ካንትሪ እንዲህ ነበርና። ዛሬ እነዚህን ቅጂዎች ከኋለኞቹ ጋር አከታትሎ የሚሰማ ሰው ሁለት የተለያዩ ዘፋኞችን ያዳመጠ ይመስለዋል።

ለውጡ የመጣው በ1957 «ፎር ዎልስ» (አራት ግድግዳዎች) የተባለውን ዘፈን ሲቀርጽ ነው። ጂም ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አጠገቡ ለተቀመጠ አንድ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ዘፈነ። በአርሲኤ ኩባንያ ውስጥ ይህን የተቃወሙ ነበሩ። የሚሸጠው ድምፅ እያለ ምን አስለወጠው? አዘጋጁ ቼት አትኪንስ ግን ደገፈው። ዘፈኑ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ከመውጣቱም በላይ ካንትሪ የማይሰሙ ሰዎችም ወደዱት።

ሌላው ታላቅ ዘፈኑ «ሂል ሃቭ ቱ ጎ» በ1960 ለ14 ሳምንታት የካንትሪ ሰንጠረዥን መርቷል። የደረሱት ጆ እና ኦድሪ አሊሰን የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ኦድሪ ድምፅዋ ለስላሳ ስለነበረ በስልክ ሲነጋገሩ ጆ አፏን ወደ ስልኩ ጠጋ እንድታደርግ ይጠይቃት ነበር፤ የዘፈኑም ሐሳብ ከዚያ ተወለደ። ልብ በሉ! ባልየው «ጩኺ» አላላትም፤ «ቅረቢ» አላት እንጂ።

ጂም በ1962 «ዊ ታንክ ዚ» የተሰኘ የመንፈሳዊ መዝሙሮች አልበም ሲያወጣም የዘመረው በዚሁ ለስላሳ ድምፅ ነው። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካን ጎበኘ። በአፍሪካና በእስያም ብዙ አድማጮች አፈራ። ሐምሌ 31 ቀን 1964 ራሱ ያበርራት የነበረች አነስተኛ አውሮፕላን በናሽቪል አቅራቢያ ተከስክሳ በ40 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቱ ሜሪ የቀሩትን ቅጂዎቹን ለዓመታት ለሕዝብ ስታቀርብ ኖራለች።

ወገኖቼ፣ የጂም የመጀመሪያ ቅጂዎች ያልተሳካላቸው አልነበሩም። ተሽጠዋል፣ ተጨብጭቦላቸዋል። ከእነርሱ የተሻለ ነገር እንዳለው የታወቀው ግን ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው። በብዙ ቤቶችም ጩኸት «የሚሠራ» ይመስላል። ባል ሲቆጣ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሚስት ስትጮኽ የተጠየቀው ይደረጋል። ነገር ግን መፈራትና መሰማት አንድ አይደሉም።

ደግሞም ጂም በመጀመሪያ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከሩቅ ሆኖ የሚያንሾካሹክን ማን ይሰማዋል? አንዳችን ከሌላችን ስንርቅ መጮኽ ግድ ይሆንብናል። ስለዚህ በቤታችሁ ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ከጀመረ «ማን ጀመረው?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ ተራራቅን?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ከዚያም ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉና የልባችሁን ተነጋገሩ።