ጣት ሳይነካው የሚጫን አዝራር

አንድ የሱቅ ሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም እንውሰድ። ከስክሪኑ ግርጌ «መዝግብ» የሚል አዝራር አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ ስትጫነው ሽያጩ ይመዘገባል፤ ደረሰኝ ይታተማል። ባለሱቁ አሁን የተከፈለው ገንዘብ ከድምሩ እኩል ሲሆን ፕሮግራሙ ራሱ «መዝግብ»ን ይጫንልኝ አለ። ከኮድ ውስጥ አዝራር እንዴት ይጫናል?

እንደ ፕሮግራሙ መሥሪያ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከዶትኔት ጋር የወጣው ዊንዶውስ ፎርምስ ፐርፎርምክሊክ የሚባል ትእዛዝ አለው። ጨዋ ትእዛዝ ነው። አዝራሩ ከደበዘዘ ወይም ከተደበቀ ምንም ሳያደርግ ይመለሳል፤ ስህተት ብሎ እንኳ አይጮህም። ከመጫኑ በፊት ደግሞ ጠቋሚው ያለበትን ሳጥን ያስፈትሻል። ፕሮግራመሩ የዋጋውን ሳጥን ቁጥር ብቻ እንዲቀበል አድርጎት ከሆነና ፊደል ከተገኘበት፣ ምዝገባው አይካሄድም።

የጃቫው ስዊንግ ዱክሊክ አለው። ይህኛው ለዓይንም ይጨነቃል፦ አዝራሩን ለ68 ሚሊሰከንድ ተጭኖ እንዲታይ ያደርገዋል። ለምን 70 እንዳልሆነ አይጠየቅም። በነዚያ 68 ሚሊሰከንዶች ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ትሬድ ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ ትእዛዙን በሉፕ ውስጥ መቶ ጊዜ የጠራ ሰው ፕሮግራሙ ለሰባት ሰከንድ ያህል ደርቆ ያገኘዋል።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ደብሊው ፒ ኤፍ ላይ ነው። አዝራሩ ፐርፎርምክሊክ የለውም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ የክሊክ ኢቨንቱን በእጁ ያስነሳል። አንዳንዴ ይሠራል። ሥራው የተያያዘው ግን ከኢቨንቱ ጋር ሳይሆን ኮማንድ ከሚባለው ጋር ከሆነ፣ ኢቨንቱ ተነሥቶ ያልፋል እንጂ ሽያጩ አይመዘገብም። የባሰው ደግሞ አለ፦ የደበዘዘ አዝራርም በዚህ መንገድ ይታዘዛል። ገንዘብ ተቀባይዋ ልትጫነው የማትችለውን ኮዱ ተጫነው ማለት ነው።

ትክክለኛው በር ሌላ ቦታ ነው፤ የተሠራውም ለሌላ ሰው ነው። ዩአይ አውቶሜሽን ይባላል። እንደ ኤንቪዲኤ ያሉ የስክሪን አንባቢዎች ዓይነ ስውራን በኪቦርድ ብቻ ፕሮግራሞችን እንዲያዙ የሚያስችሉት እንዲህ ባሉ በሮች ገብተው ነው። እያንዳንዱ አዝራር በዚያ በኩል ስሙን ይናገራል፣ መጫን ይቻል እንደሆነ ይመልሳል፣ ኢንቮክ ሲባልም ይጫናል። በደብሊው ፒ ኤፍ የደበዘዘ አዝራር ኢንቮክ ቢባል ስህተት ይወረውራል። ኮማንዱም ሳይዘለል ይፈጸማል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ ኢንቮክ ሥራውን ወረፋ አስይዞ ወዲያው ይመለሳል፤ ስለዚህ በቀጣዩ መስመር ላይ ሽያጩ ገና አልተመዘገበም ይሆናል። የሶፍትዌር ፈታሾችም በዚሁ በር ስለሚገቡ፣ ለአዝራሩ ስም መስጠት የረሳ ፕሮግራመር ዓይነ ስውሩንም ፈታሹንም አንድ ላይ ይበድላል።

ለባለሱቁ ጥያቄ ግን የእኔ መልስ አዝራሩን አትንካው ነው። ምዝገባውን የሚሠራው ኮድ ለብቻው በአንድ ሜተድ ይቀመጥ፤ ፍተሻውም እዚያው ይግባ። አዝራሩም፣ የክፍያ መቆጣጠሪያውም እሱን ይጥሩት። የክፍያው ወሬ ከኔትወርክ በሌላ ትሬድ ከመጣ ደግሞ ጥሪውን በቅድሚያ ለስክሪኑ ትሬድ ማስረከብ ነው፤ ደብሊው ፒ ኤፍ ይህን ለዘለለ ሰው በስህተት መልእክት ያስታውሰዋል፣ ስዊንግ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይበላሻል። አዝራሩን በእውነት መጫን የሚያስፈልገው የሚፈተነው አዝራሩ ራሱ ሲሆን ነው።

ማውሱን በስክሪኑ ላይ አንቀሳቅሶ በቦታ ልክ የሚጫን ኮድም አለ። ምንጭ ኮዱ በእጅ ለሌለ አሮጌ ፕሮግራም ካልሆነ አልመክረውም። መስኮቱ ትንሽ ፈቀቅ ካለ «መዝግብ» በነበረበት ቦታ «ሰርዝ» ሊገኝ ይችላል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህም በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተከፈተ ፕሮግራም ያለ ሥልጣን ከሚሠራ ፕሮግራም የሚላክለትን እንዲህ ያለ ክሊክ አይቀበልም።