ለገዥው የተጻፉ ደብዳቤዎች፦ ፍሎሪዳ ውስጥ "ዜጋ" የተባለው ማን ነበር?

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ጊዜው 1856 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው)። የምትኖሩት አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ከታምፓ ራቅ ብሎ በሚገኝ የከብት አርቢዎች ሰፈር ነው። ስልክ ገና አልተፈጠረም። ባቡር እናንተ ጋ አልደረሰም። ወንዙን ተሻግሮ ያለ አንድ ቤት ተቃጠለ የሚል ወሬ ሰማችሁ። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ ደጅ ከብት አለ፣ ማሳው ላይ በቆሎ ቆሟል። ለማን ነው አቤት የምትሉት?

ወረቀት ታወጡና ለገዥው ትጽፋላችሁ። "ጠመንጃ ላክልን፣ ባሩድ ላክልን፣ ወታደር ላክልን።" ዋና ከተማው ታላሃሲ ከታምፓ በቀጥታ መስመር እንኳ ቢለካ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደብዳቤው ደርሶ መልስ እስኪመጣ እናንተ በር ዘግታችሁ ትጠብቃላችሁ።

በዚያ ዘመን ለፍሎሪዳ ገዥዎች ይደርስ የነበረው ደብዳቤ ዛሬም ታላሃሲ ባለው የግዛቱ ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ይገኛል። እነዚህ ወረቀቶች ስለ አንድ ጦርነት ብዙ ይነግሩናል። የማይነግሩን ነገር ግን ይበልጣል። ለምን? ቀጥሉና እንየው።

▪ ጠቡ ከየት መጣ?

ሴሚኖሎች የፍሎሪዳ ነባር ሕዝብ ናቸው። በ1700ዎቹ ከሰሜን ወደ ፍሎሪዳ የገቡ የክሪክ ሕዝቦች እዚያው ከነበሩ ሰዎች ጋር ተቀላቅለው ነው ሴሚኖል የተባሉት። ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮችም እነሱ ጋ ተጠግተው አብረው ኖረዋል፣ አብረው ተዋግተዋል። ለአካባቢው የባሪያ ባለቤቶች ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነበር።

በ1830 የአሜሪካ ኮንግረስ ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ ለማዛወር የሚያስችል ሕግ አወጣ። ሴሚኖሎች "አንሄድም" አሉ። ከ1835 እስከ 1842 የዘለቀው ሁለተኛው የሴሚኖል ጦርነት የተነሳው በዚህ ነው። ወደ 1,500 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ግን ጥይት ሳይሆን በሽታ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሚኖሎች ወደ ምዕራብ ተጋዙ። ጥቂት መቶዎቹ ብቻ ደቡብ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ቀሩ።

ጦርነቱ ያለ ሰላም ስምምነት ነው ያበቃው። መንግሥት በቃ ብሎ አቆመ እንጂ ማንም ምንም አልፈረመም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው በ1842 ሌላ ሕግ ወጣ። ጠመንጃ መያዝ የሚችል ሰው ወደ ደቡብ ወርዶ ቤት ከሠራ፣ ትንሽ መሬት ከመነጠረና 5 ዓመት ከኖረ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) መሬት በነጻ ያገኛል። ለድሃ ገበሬ ይሄ ሎተሪ ነው! ለመንግሥት ደግሞ ደሞዝ የማይከፈለው አጥር ነው። ቤተሰቦቹን በሴሚኖሎች ደጃፍ አሰፈረና "ራሳችሁን ጠብቁ" አላቸው። በኋላ ለገዥው "ድረሱልን" ብለው ከሚጽፉት መካከል በዚህ መንገድ የሰፈሩ ነበሩበት።

▪ የጥቂቶች ጥፋት፣ የሁሉም ዕዳ

በሐምሌ 1849 ጥቂት ሴሚኖል ወጣቶች ሁለት ቦታ ላይ ጥቃት አድርሰው ሰው ገደሉ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። ሰፋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። "ሴሚኖሎች በሙሉ ይውጡልን" የሚለው ጩኸት እንደገና በረታ።

የሴሚኖሎቹ መሪ ሆላታ ሚኮ (አሜሪካኖች ቢሊ ቦውሌግስ ይሉታል) ምን አደረገ መሰላችሁ? ጦርነት አልፈለገም። ወንጀለኞቹን ራሱ አሳደደ። ሦስቱን ይዞ ለአሜሪካ ጦር አስረከበ፤ ሲያመልጥ የተገደለውን የአንዱን ደግሞ የተቆረጠ እጁን ማስረጃ አድርጎ አመጣ።

ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ግን አልበቃም። "ይውጡ" የሚለው ግፊት ቀጠለ። በ1854 የጦር ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ዴቪስ ሴሚኖሎችን የሚያስጨንቅ ዕቅድ ጀመረ፦ ንግድ እንዲቋረጥባቸው፣ በአካባቢያቸው ያለው መሬት እየተለካ እንዲሸጥ፣ ወታደር እንዲጨመር። (አዎ፣ በኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት የሆነው ያው ዴቪስ ነው።)

ታህሳስ 20 ቀን 1855 ጠዋት ወደ 40 የሚሆኑ ሴሚኖሎች በቦውሌግስ መሪነት ሌተናንት ጆርጅ ሃርትሰፍ የሚመራውን የጦሩን ቅኝት ቡድን ሰፈሩ ላይ አጠቁ። አራት ወታደሮች ሞቱ። ሦስተኛው ጦርነት ተጀመረ።

▪ ደብዳቤ ሠራዊት ሲያንቀሳቅስ

ወሬው ታምፓ ሲደርስ ሰዎች አለቃ መርጠው የሚሊሻ ቡድን አቋቋሙ። ገዥው ጄምስ ብሩም በበኩሉ የቻለውን ያህል በጎ ፈቃደኛ ማሰባሰብ ያዘ። ችግሩ፣ ግዛቱ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ብሩም ወደ ዋሽንግተን ዞሮ "እነዚህን ሰዎች ጦሩ ይቀበላቸው" ብሎ ጠየቀ። ዴቪስ ወደ 260 ሰው ብቻ ተቀበለ። ብሩም ሌላ 400 ሰው በግዛቱ ስም አቆየ። ስንቅና መሣሪያው በከፊል የተሟላው ከግለሰቦች በተገኘ መዋጮ ነው።

ሰንሰለቱን አያችሁት? ከጠረፍ ሰፋሪ ወደ ገዥው፣ ከገዥው ወደ ዋሽንግተን። ከታች የሚመጣው አቤቱታ ከላይ ላለው ባለሥልጣን መከራከሪያ ይሆነዋል። "ሕዝቤ እያለቀሰ ነው" ሲል የሚያሳየው ወረቀት አለው።

ፍርሃቱ ደግሞ ባዶ አልነበረም። መጋቢት 31 ቀን 1856 ሴሚኖሎች ዛሬ ብራደንተን በሚባለው ቦታ የአንድ ሐኪምና የእርሻ ባለቤት የሆነ ሰው ቤት ላይ ጥቃት ከፈቱ። ሰኔ 14 ደግሞ ከፎርት ሚድ አጠገብ አንድ የገበሬ ቤት ተከበበ። ቤተሰቡ ውስጥ ሆኖ ተታኮሰና ተረፈ፤ ለእርዳታ ከደረሱት 7 ፈረሰኛ ሚሊሻዎች ግን ሦስቱ ሞቱ። እንዲህ ባለ ሌሊት እናት ልጇን አቅፋ ወለል ላይ ትተኛለች። ይሄን ፍርሃት "ውሸት ነው" ማለት አይቻልም።

▪ ያው ሕዝብ በራሱ ሚሊሻ ሲያማርር

ነገሩ በዚያው አልቀጠለም። ትንሽ ቆይቶ ነዋሪው በሚሊሻው ላይ ማጉረምረም ጀመረ። "አንድ ሁለት ቀን ቅኝት የወጡ መስለው ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ"፣ "ይሰክራሉ"፣ "ይሰርቃሉ" የሚል ወቀሳ በዛ። የታምፓ ጋዜጣ ሳይቀር ፈረሰኞቹ ለፈረሶቻቸው ስለሚመች ሜዳ ሜዳውን መቃኘት ይመርጣሉ ብሎ ጻፈ። ሜዳ ላይ የሚሄድ ፈረሰኛ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ሴሚኖሎቹ ሲመጣ አይተው ዞር ይላሉ።

የገንዘብ ነገርም አለ። ጥሬ ገንዘብ እምብዛም በማይታይበት አካባቢ የሚሊሻ ክፍያ ትልቅ ገቢ ነው። በጊዜው አንዳንድ የጦር መኮንኖች ሰፋሪዎቹ ጦርነቱን የሚፈልጉት ለደሞዙ ጭምር ነው ብለው ጠርጥረዋል። ስለዚህ "ቡድን ላቋቁም ፍቀዱልኝ" የሚል ጥያቄ ስናነብ ሁለት ነገር አብሮ ሊኖር ይችላል፤ እውነተኛ ስጋትም፣ የእንጀራ ጉዳይም። ሰው ነዋ።

▪ ቁጥሩን ማን ቆጠረው?

ሰኔ 16 ቀን 1856 ሃያ የሚሆኑ ሚሊሻዎች ፒስ በሚባለው ወንዝ ዳር ሴሚኖሎችን ድንገት ደረሱባቸው። ከመሪዎቻቸው አንዱ ኦሴን ተስተነጊ እዚያ ተገደለ። ሚሊሻዎቹ ምን ያህል ገደልን አሉ? እስከ 20። ሴሚኖሎቹ በኋላ ምን ያህል ሞተብን አሉ? አራት።

20 እና 4! አንድ ጦርነት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ወንዝ። ገዥው ጋ ቶሎ በጽሑፍ የመድረስ ዕድል ያለው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። የሴሚኖሎቹ ድምፅ ወደ ባለሥልጣን የሚደርሰው በአስተርጓሚ አፍ ነበር፤ ያውም ሲፈቀድላቸው። ቦውሌግስ በ1852 ዋሽንግተን ድረስ ተወስዶ ከፕሬዝዳንት ፊልሞር ጋር ተገናኝቷል። ለሽምግልና አልነበረም፤ አገሩን ለቆ እንዲሄድ ለማግባባት እንጂ።

▪ ያልጻፉት

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። "የዜጎች ደብዳቤ" ሲባል ዜጋው ማን ነው?

በ1850 የሕዝብ ቆጠራ ፍሎሪዳ 87,445 ሰው ነበራት። ከእነዚህ 39,310ዎቹ በባርነት የተያዙ ናቸው። ከመቶ 45 ማለት ነው። በ1857፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ፈረደ። ሴሚኖሎችም ዜጋ አልነበሩም፤ ነባር ሕዝቦች በሙሉ በሕግ ዜጋ የሆኑት በ1924 ነው።

ቅድም ያነሳነውን የሐኪሙን ቤት አስታውሱ። ሴሚኖሎቹ ቤቱን ሰብረው መግባት ሲያቅታቸው በባርነት የተያዙ ሰባት ሰዎችንና ሦስት በቅሎዎችን ይዘው ሄዱ። ሚሊሻው ተከታትሎ ደረሰባቸው፣ ሁለት ሴሚኖሎችን ገደለ፣ ሰዎቹንና በቅሎዎቹን "አስመለሰ"። የሟቾቹ የራስ ቆዳ ከነጸጉሩ ተገፎ አንዱ ታምፓ፣ አንዱ ማናቲ ላይ ለሕዝብ ታየ።

እነዚያ ሰባት ሰዎች በዚያ መንገድ ላይ ሲሄዱ ምን አሰቡ? ፈሩ? ወይስ "ምናልባት ነጻ እወጣ ይሆናል" አሉ? ከሰባቱ አንዳቸውም ለገዥው መጻፍ አይችሉም ነበር። በሰነዱ ላይ የሚቆጠሩት ከበቅሎዎቹ ጋር ነው። አያችሁ፣ አንድ ሰው ከወረቀት ሲጠፋ ፍርሃቱም ተስፋውም አብሮ ይጠፋል።

▪ መጨረሻው

በግንቦት 1858 ወደ 160 የሚጠጉ ሴሚኖሎች ቦውሌግስን ጨምሮ ግሬይ ክላውድ በምትባል የእንፋሎት መርከብ ተጭነው ወደ ምዕራብ ተወሰዱ። ለአንድ ተዋጊ 500 ዶላር፣ ለአንድ ሴት 100 ዶላር ሊከፈል ተስማምተው ነው። መንግሥት ጦርነቱ አለቀ ብሎ አወጀ።

ሁሉም ግን አልሄዱም። አቢያካ የሚባለው ሽማግሌ መሪ እምቢ አለ። እሱና ጥቂት ቤተሰቦች ረግረጉ ውስጥ ቀሩ። ዛሬ ፍሎሪዳ ያሉት ሴሚኖሎች የእነዚያ የቀሩት ዘሮች ናቸው። በ1957 የሴሚኖል ጎሳ በፌዴራል መንግሥቱ ዕውቅና አገኘ። በ2007 ደግሞ ታዋቂውን ሃርድ ሮክ ካፌና ሆቴል በ965 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። በደብዳቤ "ይውጡልን" የተባሉት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ የሬስቶራንቱ ባለቤት ናቸው።

▪ እኛስ ምን እንውሰድ?

እነዚያ ደብዳቤዎች የውሸት ክምር አይደሉም። ብዙዎቹን የጻፉት በእውነት የፈሩ ሰዎች ናቸው። ግን የአንድ ወገን እውነተኛ ፍርሃት ብቻውን የአንድ አገር ታሪክ አይሆንም። በዚያ ዘመን ወረቀት፣ ፊደልና "ዜጋ" የሚል ስም የነበረው ተሰማ። ያልነበረው አልተሰማም። ወታደሩ የተላከው ለተሰማው ነው።

ዛሬ "ድረሱልን" የሚል መልእክት ስልካችን ላይ ሲመጣ ማዘን ያለብን ነን፤ ልባችን አይድንዝዝ። ሼር ከማድረጋችን በፊት ግን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ነው የጻፈው? ቁጥሩን ማን ቆጠረው? በዚህ ታሪክ ውስጥ ስልክ ያልያዘው ማን ነው?

እናንተ በዚያን ጊዜ ገዥው ብትሆኑ ኖሮ ለዚያ ደብዳቤ ምን ብላችሁ ትመልሱ ነበር? ሐሳባችሁን ጻፉልን።