ላረጀ ፈረስ ምን አለብን?

የሪችመንድ ጎረቤቴ ያረጀ ፈረሷን በሐኪም መርፌ አሳረፈች። ለቅሶ ልድረስ ወይስ ዝም ልበል፣ ግራ ገባኝ። ካሊፎርኒያ ፈረስ ለሰው ምግብነት እንዳይታረድ በ1998 (እ.ኤ.አ.) በሕዝብ ድምፅ ስለከለከለች ለቄራ አይሸጥም። መድኃኒቱም በድኑ ውስጥ ስለሚቀር የበላውን አውሬ ይገድላል፤ ስለዚህ በድኑን የሚያነሳ ሰው አስቀድማ ቀጥራ ነበር።

እኛስ? ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ብለን በፈረስ ስም የጠራን ሕዝብ ነን። የጋሪ ፈረስ ግን ሲያረጅ መንገድ ዳር ይለቀቃል፤ ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል። ባለጋሪው ላይ አልፈርድም፤ የልጆቹ እንጀራ ነበር፣ ለሐኪም የሚከፍለው ከየት ያመጣል? ውጭ ያለን ሰዎች ለአገራችን ከምናዋጣው ላይ ለመርፌውና ለጉድጓዱ ትንሽ ብንጨምር ምን ይለናል? ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ እንስሳ በቁሙ መበላት የለበትም።